የአሸዋ ኮሌታ

ባለባልዲዋ ይሏታል። ባሏ ከሞተ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ባሕሩ ሸሸት ባለ ቁጥር ጉልበቷን እየረገመች እርጥብ አሸዋ ስትቆፍር ኖራለች። የምትለቅመው ሁለት ክዳን ያለውን፣ ሥጋው የሚበላውን ዛጎል ነው። ሟች የተወላት ያቺን ቁራጭ አሸዋ፣ አንድ መቆፈሪያና አንድ ምክር ነው፤ «የአሸዋ ኮሌታዎቹን እንዳትረግጪብኝ፤ የዛጎሎቹ ጎጆ ናቸው።»

ኮሌታ ብሎ የጠራው የሸሚዝ አንገት የመሰለ፣ ከአሸዋ የተሠራ ስስ ቀለበት ነው። እሷም ትታዘዛለች መቼስ! ወገቧ እየተቆረጠ አንድ በአንድ ታነሣና ማዕበል እንዳይሰብራቸው ከአለቱ ሥር ትደረድራለች። ልጅ ብታሳድግ እንዲህ አትጨነቅም።

ግን ምን ያደርጋል? ከዓመት ዓመት ባልዲው ይጎድል ጀመር። የምታወጣው ባዶ ቅርፊት፣ ያውም አናቱ ላይ በመሰርሰሪያ የተበሳ የመሰለ ክብ ቀዳዳ ያለው። የመልቀሚያ ቦታ የሚያከፋፍለው የዛጎል ለቃሚዎች ማኅበርም ቁርጡን ነገራት፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ባልዲ ካልሞላች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እሷ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን ታውቃለች? የእህቷ ቤት ጥገኛ ከመሆን ባሕሩ ቢውጣት ትመርጣለች።

በመጨረሻው ቀን የማኅበሩ ተቆጣጣሪ መጣች፤ ቦት ጫማዋ ገና ያልቆሸሸ ልጅ እግር። ከአለቱ ሥር የተደረደሩትን ስታይ ክው አለች።

«እማማ፣ እነዚህን ማን ሰበሰባቸው?»

«እኔ ነኛ! የዛጎሎቹ ጎጆ አይደሉ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አሸዋውን ጫር ጫር አድርጋ አንድ ወፍራም ቀንድ አውጣ አወጣች። ዛጎል አቅፎ እየበሳ ነበር።

«ኮሌታዎቹ የዚህ እንቁላል ናቸው፣ እማማ። አሸዋ ለአሸዋ እየሄደ ዛጎልሽን የሚጨርሰው እሱ ነው።»

ባለባልዲዋ እዚያው ዘፍ ብላ ተቀመጠች። የሃያ ዓመቱ ድካም ባንዴ መጣባት።

«ወይ አንተ ሰውዬ!» አለች ባሏን። «ሌባውን በገዛ እጄ አስፈለፈልከኝ እኮ!» ተናደደችበት፤ ደግሞ ናፈቃት። ቢኖር ኖሮ እስኪበቃት ትሰድበው ነበር።

«እማማ፣ እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

አሮጊቷ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። ኮሌታዎቹን ከአለቱ ሥር እያፈሰች ባልዲው ውስጥ ከተተች። ጢም አለ።

«አንድ ባልዲ ነው ያላችሁት። ይኸው፣ ጻፊ።»

ልጅቷ ባልዲውን አየች፤ አሮጊቷን አየች። ከዚያ የምን እንደሆነ ሳትጠቅስ «አንድ ባልዲ፣ ሙሉ» ብላ ጻፈች።