ታድጊበታለሽ ተብሎ የተገዛ ካፖርት

አዲስ የናይለን ካፖርት የራሱ ሽታ አለው። ባለፈው ኅዳር ልጄ ሳሮን የመጀመሪያ ሥራዋን ልታሳየኝ ዳውንታውን ወዳለው ትልቁ የልብስ መደብር ስትወስደኝ፣ በሩ ወለል ብሎ ያ ሽታ ከውስጡ ሙቀት ጋር ፊቴ ላይ ሲመጣ፣ እግሬ ደጁ ላይ ቀጥ አለ። ሳሮን የቆምኩት ማስታወቂያውን ለማየት መስሏታል። ማስታወቂያውማ ካላዩኝ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ነው፤ የመደብሩን መስኮት ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። አንዲት ጥቁር ልጅ፣ እጅጌው ጣቶቿን የዋጠ፣ ጫፉ ከጉልበቷ ያለፈ ወይን ጠጅ ካፖርት ለብሳ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ማንም ቢመጣ ማንም ቢሄድ ግድ እንደሌላት ሰው ቆማለች። ሳሮን የምትሠራው ማስታወቂያ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሐሳቡን ያመጣችውም እሷ ናት። “ማሚ፣ ላይክ አደረግሽው?” እያለች ዐይን ዐይኔን ታየኛለች። እኔ ግን ያን ካፖርት አውቀዋለሁ።

በሱዳን በኩል ተሰደን ቶሮንቶ የገባን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሪጀንት ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ደረጃው ሁልጊዜ የተጠበሰ ዓሣና የወለል ማጽጃ በሚሸትበት ቀይ የጡብ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጠን። እማዬ ልብስ የምትገዛው አጠገቧ ለቆመችው ልጅ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ለምትመጣዋ ስለነበር፣ የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል ከሳልባጅ ቤት ለአንድ ወፍራም ሰውዬ የተሰፋ የሚመስል ወይን ጠጅ ካፖርት ይዛልኝ መጣች። ቡት ጫማውም ቢሆን ሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ነበርና ጫፉ ውስጥ ጋዜጣ ጠቀጠቀችበት። እኔ መስታወቱ ፊት ቆሜ ላለቅስ ስል፣ እሷ ትከሻዬን በሁለት እጇ መታ መታ አድርጋ፣ “ታድጊበታለሽ” አለችና ጉዳዩን ዘጋችው። ከዚያ ፍርድ ወዲያ ይግባኝ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወርድ መጨረሻው ደረጃ ላይ ስደርስ አቃተኝ። በበሩ መስታወት በኩል የሰፈሩ ልጆች ይታዩኛል፤ ቋንቋቸውን በቅጡ አላውቅም፣ ጓደኛ የለኝም፣ በዚያ ላይ ደግሞ ድንኳን ለብሻለሁ። ያን ቀን ከሳቁብኝ እስከ መጨረሻው የሚሳቅባት ልጅ ሆኜ እንደምቀር እርግጠኛ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ነው ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡት ማርሻ ከኋላዬ የወረደችው። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ እሷ ግን በአንድ ጭንቅላት ትበልጠኝ ነበር። ልብስ እንደሚገዛ ሰው ዞር ዞር እያለች ካየችኝ በኋላ፣ የካፖርቱን ኮሌታ ወደ ላይ አቆመችው፣ የላይኛውን ቁልፍ ፈታችው፣ አንዱን እጅጌ ሁለት ጊዜ አጥፋ ሌላውን እንዳለ ተወችው፣ በመጨረሻም በጣቷ አገጬን ቀና አደረገችና በሩን ከፈተችልኝ። ወጣን። ማንም አልሳቀም፤ እንዲያውም በሳምንቱ አንዱ ልጅ የአባቱን ካፖርት ለብሶ መጣ።

ፈረንጆቹ ኩል መሆን የሚሉትን፣ ረጋ ኮራ ማለትን፣ የተማርኩት እንግዲህ ከማርሻ ነው፤ እሷ ደግሞ ከአጎቷ። ይህ ሰውዬ ሱሪውን እንደ ቢላዋ አስተኩሶ ጠዋት ጠዋት ደንዳስ ጎዳና ላይ ይቆማል፤ ስትሪትካር የሚሉት የከተማ ባቡር ፊቱ ላይ በሩን ዘግቶ ሲሄድ ግን አንድም ቀን ሲሮጥ አይተነው አናውቅም፣ ሌላ ይመጣል ብሎ ኮፍያውን ያስተካክላል። እማዬ በበኩሏ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት በቀን ሦስቴ እየተረተች፣ የምትሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ሰዓት እንዳያልፍባት ያንኑ ስትሪትካር በሩጫ ትቀድመው ነበር። እኔና ማርሻ የሰውዬውን አረማመድ ደረጃው ሥር እንለማመዳለን፤ ትከሻ ዝቅ፣ አገጭ ቀና፣ ዐይን ሩቅ። የአዲስ አበባ ልጅ የሆነችው እማዬ አንድ ቀን አይታን ሳቀችና፣ በእሷ ሰፈር እንዲህ የሚሄደውን ሰው አራዳ ይሉት እንደነበር ነገረችን። ማርሻ ቃሉን ወደደችው፤ ያን ክረምት በሙሉ ድመቱንም መምህሩንም አራዳ ስትል ከረመች።

ያ መደብር፣ ሳሮን የወሰደችኝ፣ ያኔም እዚያው ነበር። አንድ ቅዳሜ ለማርሻ እናት የልደት ጓንት ልንገዛ ገባን። ገና በሩን አልፈን ያ የአዲስ ካፖርት ሽታ እንደተቀበለን ጥበቃው ከኋላችን መጣ። ሽቶ ጋ ስንቆም ይቆማል፣ ደረጃ ስንወጣ ይወጣል፤ የካፖርቴ ኪስ ዐይኑን አላስቀምጥ ብሎታል። ብንያዝ እንኳ በየትኛው ቋንቋ እንደምናገር እያሰብኩ ነበር። ማርሻ ግን አገጯን ቀና አድርጋ፣ እጆቿን ከኪሷ አውጥታ፣ መደብሩ የአባቷ እንደሆነ ሁሉ በዝግታ ትሄዳለች። እሷ ካልፈራች ብዬ ከጎኗ ሄድኩ። የጓንቱን ከፍለን ወጣን፣ ጥግ እስክንዞር ድረስ አልሮጥንም፤ ከዞርን በኋላም አልሮጥንም።

ታዲያ ከስንት ዘመን በኋላ በዚያው በር ላይ፣ ጥበቃው ያኔ የተከተለውን ያንኑ አቋቋም፣ ያንኑ ካፖርት፣ በመብራት አድምቀው ሲሸጡት ሳይ ተናደድኩ። ኮራሁም። የልጄን የመጀመሪያ ደስታ ማበላሸት ግን ስላልፈለግሁ “ቆንጆ ነው” ብዬ አለፍኩ። እሁድ ኢስት ዮርክ እማዬ ጋ ስንሄድ ሳሮን ሥዕሉን በስልኳ አሳየቻት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ የሥዕሏን ልጅ ከእግር እስከ ራስ መረመረቻትና፣ “እናቷ ብልህ ናት። ታድግበታለች” አለች። እኔ ከሳቄ ብዛት እንባዬ መጣ። ሳሮን ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደረጃውን፣ አጎትየውን፣ ጥበቃውን። ሰምታ ስታበቃ የጠየቀችኝ ማርሻን በስልክ ኮል ማድረግ እንችል እንደሆነ ብቻ ነበር።

ማርሻ አሁን ኖርዝ ዮርክ ነው የምትኖረው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በነርስነት ቆማ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። ደውለንላት ቅዳሜ ሦስታችን መደብሩ ደጃፍ ስንገናኝ ከሩቅ ያ አረማመዷ ታየኝና አሁንም እንዳልለቀቃት ነገርኳት። “ያኔ አረማመድ ነበር፤ አሁን ጉልበቴ ነው” ብላ ሳቀች። ከዚያ ስለ ጥበቃው ስናነሳ እስከ ዛሬ ያልነገረችኝን ነገረችኝ። ያን ቀን እሷም ፈርታ ነበር፤ መሮጥ ፈልጋ ዞር ስትል እኔ በዚያ ሁሉ ካፖርት ውስጥ ዝግ ብዬ ስራመድ አየችኝና በልቧ፣ ይቺ ልጅ ካልፈራች እኔ ለምን እፈራለሁ አለች። እኔ ደግሞ ዝግ ያልኩት ከቸኮልኩ ቡቱ ከእግሬ ወልቆ ስለሚቀር ነው! ስነግራት የመንገዱ ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሳቅን። ያ ድፍረት አንዳችንም ጋ አልነበረም ለካ፤ እኔ ከእሷ፣ እሷም ከእኔ ያየነው መስሎን ነው የያዝነው።

ማርሻ ሳቋን ስትጨርስ ሥዕሉን ቀና ብላ አየችው። ሳሮን ምን ይጎድለዋል ብላ በፍርሃት ጠየቀቻት።

“ጓደኛዋ የታለች?” አለች ማርሻ።

ቀዩ ሕንፃ ዛሬ የለም፤ ደረጃውም ከእሱ ጋር ፈርሶ በቦታው መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። አጎትየው ዐርፏል፤ ካፖርቱ ሳላድግበት ለሌላ ልጅ ተላለፈ። አንድ መደብር አራት ወቅት የማይቆይ ፋሽን አድርጎ የሚሸጠው ነገር እኛ የኖርንበት ለመሆኑ ምስክር የሚሆን አንድ ጡብ እንኳ አልቀረም። በሚያዝያ ግን መስኮቱ ላይ አዲስ ሥዕል ወጣ፤ ሁለት ልጆች ናቸው፣ ትከሻቸው የተነካካ፣ አንደኛዋ የሌላዋን ኮሌታ ስታቆምላት። ሳሮን አለቆቿ ፊት ቆማ የተከራከረችለት ነው፤ አቋቋሙን ለልጆቹ ያሳየችው ማርሻ ስትሆን ስሟም ከግርጌው ተጽፏል። ማርሻ ስሟን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ክንዷን በክንዴ ውስጥ አስገባችና፣ አገጫችንን ቀና አድርገን፣ በጉልበቷ ልክ ዝግ ብለን ገባን። ሽቶው ጋ ስንደርስ የድሮው ልማድ ይዞኝ ወደ ኋላ ዞር አልኩ። የሚከተለን ሰው ነበር፤ ሳሮን ናት፣ እርምጃዋን በእኛ እርምጃ ልክ አሳጥራ።