ሰማያዊው ዓይን

ሰማያዊ እስክሪብቶ አልወድም። መሥሪያ ቤት ይሄ አመሌ መሳቂያ አድርጎኛል። «ሰማያዊ ካልሆነ ኮፒ ይሁን ኦሪጅናል በምን ይለያል፣ እባክሽ ብርቄ!» እያለች የመዝገብ ቤቷ ልጅ ትጨቀጭቀኛለች። እፈርምላታለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ፊርማዬን ግን ሆን ብዬ ጭረት ብቻ አድርጌዋለሁ፤ ክብ ነገር የለበትም። ክብ ከሠራሁና መሀሉ ላይ ነጥብ ካረፈ ያየኛል። ዲግሪ ያለኝ ሴትዮ ነኝ እኮ! እንዲህ ሳስብ ራሴን እታዘበዋለሁ፤ ግን አልተወኝም።

ልጅ እያለሁ አምቦ ውስጥ የምንኖረው ከእናቴ አባት ጋር ነበር። አባባ እላቸው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ያንኑ አመድማ ካፖርት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ቄስ አልነበሩም፤ ድቁና ተቀብለው ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሄዱ ሰው ነበሩ። እኔ ትምህርት ቤት በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አባባ አጠገባቸው አስቀምጠው ፊደል ያስቆጥሩኛል። «ሁለት ጽሕፈት የሚያውቅ ሁለት ሰው ነው» ይሉኝ ነበር። ፊደሉን ስጨርስ ወደ መጽሐፉ አሸጋገሩኝ።

መጽሐፉ የጸሎት መጽሐፍ ነው፤ ብራና። ቅድመ አያቶቻችን ከቡልጋ ወደዚህ ሲመጡ በአህያ ጭነት ላይ ሳይሆን በደረታቸው አቅፈው ያመጡት ነው ይባላል። ከግራኝ እሳት የተረፈ ነው የሚሉም ነበሩ፤ እሱን እግዜር ይወቅ። ከአባባ መዳፍ ብዙም አይበልጥም፣ ውፍረቱ ግን ሦስት ጣት ነው። በሁለት ጣውላ መሀል ተሰፍቷል፤ ማኅደር በሚባለው የቆዳ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ከአልጋቸው ራስጌ ይሰቀላል። ሲገለጥ የፍየል ቆዳ፣ የጧፍ ሰምና የአባባ ካፖርት አንድ ላይ ይሸታል። አንዱ ቅጠል ላይ ቆዳው ሲፋቅ የተበሳ ቀዳዳ አለ፤ ጸሐፊው ምንም ሳይመስለው ቀዳዳውን ዞሮ ጽፎ አልፏል። እኔ በዚያ ቀዳዳ አባባን አያቸው ነበር፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጠቀስ ያደርጉልኛል።

መጀመሪያው የእመቤታችን ምስጋና ነው፣ ከሰኞ እስከ እሑድ በየዕለቱ ተከፋፍሎ። ቀጥሎ መልክእ አለ፤ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር አንድ በአንድ ሰላም የሚባልበት። ከዚያ ጥቃቅኖቹ ጸሎቶች ይመጣሉ፦ ለመንገደኛ፣ ለወላድ፣ ለቁርጠት፣ መጨረሻ ላይ ለዓይን ሕመም። በእያንዳንዱ ጸሎት አናት ላይ ሐረግ ተስሏል፤ ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ መስመር እርስ በርሱ እየተጠላለፈ። በጣቴ እከተለዋለሁ፤ ጫፉን አግኝቼው አላውቅም። የቅዱሳን ስም በቀይ ነው። የባለቤቱም ስም በቀይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ዝም ብሎ ለሁሉም ሰው አይጸልይም፤ ለባለቤቱ ነው የሚጸልየው። በየጸሎቱ ውስጥ «አገልጋይህን እገሌን ጠብቀው» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ የባለቤቱ ክርስትና ስም ይገባል። ባለቤቱ ሲሞት ስሙ በምላጭ ይፋቅና የወራሹ ይጻፋል። ከብዙ መፋቅ የተነሳ ያ ቦታ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ወደ መስኮት ብታነሡት ከአባባ ስም ሥር የሌሎች ስም ጥላ ይታያል። እኔ ታዲያ ያንን እፈራ ነበር። የማን እንደሆኑ ስጠይቃቸው አባባ «ወረፋቸው ያለፈ» ብቻ ይሉኛል።

ሥዕል አራት ቦታ አለ። ሥዕል ያለበት ቅጠል ጠርዙ ላይ ቀለም ያለው ክር ተሰፍቶበታል፣ በዳሰሳ እንዲገኝ። አረንጓዴው ክር እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ቢጫው ሚካኤል፣ ነጩ ጊዮርጊስ። ቀዩ ክር የሄሮድስ ወታደር ነው። በአንድ እጁ ሰይፍ ይዟል፣ በሌላው አንድ ሕፃን በእግሩ አንጠልጥሏል። ሌሎቹ ሁሉ ፊት ለፊት በሁለት ትልልቅ ዓይን ያዩናል። እሱ ግን ወደ ጎን ዞሮ፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው።

ጫልቱ ጎረቤቴም ጓደኛዬም ነበረች፤ የጤና ረዳቱ የኦቦ ፈይሳ ልጅ። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ ቤታቸው ሥዕል የለም፤ ስለዚህ የኛ ቤት ሥዕል ለእሷ ሲኒማ ነበር። አንድ ቅዳሜ እማዬ ገበያ ወጥታለች፣ አባባ ለቅሶ ተጠርተው በጥድፊያ ሄደዋል፣ መጽሐፉ አትሮንሱ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቀርቷል። ጫልቱ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ በቀዩ ክር ከፈተችው። ወታደሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ኢጃ ቶኮ ቆፋ!» አለች፣ አንድ ዓይን ብቻ! ቀጥላም በአማርኛ፣ «ምስኪን። ልጅ መሆኑ አልታየውም እኮ። ሁለት ቢኖረው ይለቀው ነበር» አለችኝ።

አይ ልጅነት! ነገሩ እውነት መሰለኝ። ያ ሕፃን በኔ ዕድሜ ሙሉ ተዘቅዝቆ ኖሯል፤ ማዳን ስችል ዝም ማለቴ ኃጢአት ሆኖ ታየኝ። ከቦርሳዬ እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ ክዳኑን በጥርሴ አኝኬ የጨረስኩት ሰማያዊ። ከጆሮው አጠገብ፣ ባዶው ጉንጩ ላይ፣ ክብ ሠራሁና መሀሉን ነጥብ አደረግሁበት። ጫልቱ አጨበጨበች። ወታደሩ ሕፃኑን አላየም። እኛን ነበር የሚያየው።

በምራቄ ባሸው ጭራሽ ደመቀ። ጨርቁን መልሼ አለበስኩት፤ ጫልቱም «እኔ አልነካሁም» ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች። እውነቷን ነው፣ አልነካችም።

በማግስቱ አባባን፣ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ፣ ክፉ ሰው ለምን በአንድ ዓይን እንደሚሳል ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። «እንዳያየን ነዋ» አሉ። «ሙሉ ፊቱን ከሰጠሽው ያውቅሻል። ሠዓሊው ሞኝ መሰለሽ?» በዚያው ሳምንት እስክሪብቶዬ ከቦርሳዬ ጠፋ። ባዶ እጄን ክፍል ገብቼ አለንጋ ቀመስኩ፤ ሰበብ ስፈልግ ጫልቱ ሰረቀችኝ ብዬ ለሳምንት አኮረፍኳት። ልቤ ግን ወታደሩ እንደወሰደው ያውቅ ነበር። ውኃ ልቀዳ ስሄድ ከኋላዬ ያየኛል፤ ፀጉሬን ስሠራ ያየኛል፤ ተዘቅዝቄ የምያዝበትን ቀን እጠብቅ ነበር።

እኔ ላይ ግን አልመጣም። የመጣው ወደ አባባ ነው። በዓመቱ ይሁን ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አባባ ኩባያ ሲያነሡ አጠገቡን መዳሰስ ጀመሩ። ግራ ዓይናቸው ውስጥ ወተት የተንጠባጠበበት መሰለ። ኦቦ ፈይሳ ከክሊኒክ ሲመለሱ ጎራ ብለው ባትሪ አብርተው አዩዋቸው። «ሞራ ነው፣ ጋሼ። አዲስ አበባ ይገፈፋል፣ ቀላል ነው» አሏቸው። አባባ «አዝመራው ይግባ፣ ከርሜ» አሉ። ከረሙ። ቀኙም ተከተለ። እማዬ ለመነች፣ አለቀሰች፣ ተቆጣች፤ እሳቸው ግን በቃሌ የማውቀውን ለማንበብ ዓይን ምን ያደርግልኛል ብለው እምቢ አሉ።

ለኔ ሞራም ምንም አልነበረም። ዓይን ከየትም አይመጣም። ለወታደሩ አንድ ሰጠሁ፤ ከአባባ ተወሰደ። አንድ አልበቃ ሲለው ሁለተኛውን ጨመረ። ይቅር በሉኝ የምትለዋን ቃል ይዤ ስንት ጊዜ በራቸው ላይ ቆሜያለሁ! «ማነው?» ሲሉኝ «እኔ ነኝ» ብዬ ውኃ አቀብላቸው ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ መጽሐፉን ከማኅደሩ ራሳቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል፤ ማኅደሩን ለማንም አያስነኩም። እሳቸው በቃላቸው ይደግማሉ፣ እኔ እገልጣለሁ፤ ቅጠሉ መገለጡን መስማት ይወዳሉ። ቀዩ ክር ጋ ስንደርስ ሁለት ቅጠል ደርቤ እገልጣለሁ። አንድ ቀን ጣታቸው ጠርዙን እየዳሰሰ ሄደና ቆመ። «ክር አለፈሽ፣ ብርቄ። ተመለሺ።» ተመለስኩ። ያ ሰማያዊ ዓይን እንደነበረ ነው፣ አልደበዘዘም። አባባ አውራ ጣታቸውን አንሥተው፣ ቅንጣት ሳይስቱ፣ ልክ ዓይኑ ላይ አሳረፉት። ጫን ብለው ይዘውት ጸሎቱን ቀጠሉ። መጨረሻዋን፣ የዓይን ሕመሙን ጸሎት ግን እንደ ሁልጊዜው ሳይደግሟት «በቃ፣ ዝጊው» አሉኝ። ያቺን ከኔ ጋር ደግመዋት አያውቁም ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አረፉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት እጃቸውን ይዤ ነበር፤ አልተናገርኩም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። የሰረቅሁት ነገር ቢሆን እመልስ ነበር፤ ሰው ከሞተ በኋላ ይቅርታ ለማን ይባላል? እማዬ መጽሐፉን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እኔም እፎይ አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ባለፈው ዓመት እማዬ ሣጥኑን ከፍታ «ከቤታችን ግዕዙን የምትቆጥሪው አንቺ ብቻ ነሽ» ብላ ሰጠችኝ። በባጃጅ ይዤው ስመጣ ጭኔ ላይ ሳይሆን አጠገቤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ እንደ ሰው። ቤቴ ገብቼ ሦስት ቀን አልነካሁትም። በአራተኛው፣ ፀሐይ በደንብ ወጥታ ሳለች፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ከማኅደሩ ሳብኩት። አንድ ነገር አብሮት ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

እስክሪብቶ ነው። ሰማያዊ፣ ክዳኑ የታኘከ።

ለብዙ ጊዜ መሬት ላይ ተቀምጬ አየሁት። ከዚያ መጽሐፉን ከመጨረሻው ከፈትኩ፤ ለምን ከዚያ እንደጀመርኩ አላውቅም። የዓይን ሕመም ጸሎት፣ አናቱ ላይ ያ ጫፍ የሌለው ሐረግ። በሌሎቹ ጸሎቶች ሁሉ የአባባ ስም፣ ወልደ ሚካኤል፣ በቀይ እንደተጻፈ አለ። እዚህ ግን ተፍቋል። በሳሳው ብራና ላይ፣ በፍርድ ቤት ጸሐፊ ቁም ጽሕፈት፣ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ፣ በሰማያዊ የተጻፈው ወለተ ሥላሴ ነው። የኔ ክርስትና ስም።

ያንን ጽሕፈት የጻፈው የሚያይ ሰው ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ ጤነኛ የሆኑ ሰው። ስለዚህ እስክሪብቶዬ በጠፋበት ሳምንት ነው ማለት ነው። አባባ የሠራሁትን አይተው ነበር። አልገረፉኝም፣ ለእማዬም አልነገሩም፤ ምላጭ አንሥተው ራሳቸውን ከዚያች ጸሎት አወጡና እኔን አስገቡ። ለሁለት ሰው ቦታ አልነበራትም።

ያኔ ወታደሩን ነበር የምፈራው። ዛሬ ወታደሩ ምንም አይለኝም፤ ቀዩን ክር እገልጣለሁ፣ ሰማያዊ ዓይኑን አያለሁ፣ አውራ ጣቴን አሳርፍበታለሁ። አሁን የምፈራው ያችን የመጨረሻ ገጽ ነው። ኦቦ ፈይሳ አርጅተዋል፤ መንገድ ላይ ሳገኛቸው እንደ ሞኝ እጠይቃቸዋለሁ፣ «ሞራ ነበር አይደል?» «ኤዬ፣ ሞራ ነው፣ ልጄ። ሽማግሌ ሁሉ ይይዘዋል» ይሉኛል። እኔም ሞራ ነው እላለሁ። ግን ስሙን አውጥቶ የኔን ያስገባ ሰው ታወረ፣ የኔ ዓይን እስከ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ይሄን ለሐኪም አልነግርም።

ስሜን ልፋቀውና የሳቸውን ልመልስ ብዬ ምላጭ ገዝቼ ነበር። ብራናው ከዚህ በኋላ አይችልም፤ አንድ ጊዜ ቢነካ ይቀደዳል። ስለዚህ እንደተጻፈ ተውኩት። ከሥራ ስመለስ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ እደግማታለሁ፤ አባባ ከኔ ጋር ያልደገሟትን። ሰማያዊው ቀለም ጋ ስደርስ ወለተ ሥላሴ የሚለውን እያየሁ፣ ወልደ ሚካኤል እላለሁ።