ከፈንታሌ የመጣው ቀጥ ያለ መስመር

ገብረትንሣኤ ሲናደድ ድምፁ አይጨምርም፤ ጆሮው ነው የሚቀላው። በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለው የወይዘሮ አይናዲስ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ሁለቱም ጆሮዎቹ እንደ በርበሬ ቀልተው ነበር።

ውስጥ የሚካኤል ማኅበርተኞች ተሰብስበዋል። ለንግሥ በዓል በአውቶቡስ ፈንታሌ ተራራ ሥር ወዳለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ፣ እዚያም ከድንጋይ በተሠራው አዳራሽ ሊያድሩ ቆርጠዋል። ገብረትንሣኤ እባካችሁ ይቅርባችሁ ብሎ ደጋግሞ ለምኗል። የሰማው የለም።

ሰውየው ሰፈሩ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው። ወላጆቹ ከአክሱም መጥተው ፒያሳ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ "መሬት ያጠናል" ሲባሉ፣ እናቱም ጎረቤቱም ተመርቆ ቦታ ያስመራናል ብለው ዓመታት ጠበቁ። የእሱ ሥራ ግን የምድርን ንዝረት ማዳመጥ ሆነ። አራዶቹ "ገብሬ መሬት" አሉት፤ ስሙም ጸደቀለት።

ከምድር በታች የቀለጠ ዓለት መሄጃ ሲፈልግ ጠንካራውን ዓለት እየሰነጠቀ ይገፋል። እያንዳንዱ ስንጥቅ ንዝረት ይልካል። በየቦታው የተቀበሩት መሣሪያዎች ያንን ንዝረት እኩል አይሰሙትም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ከዚያ ልዩነት ተነስቶ ስንጥቁ የት እንዳለና ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ገብረትንሣኤ ሰሞኑን ያሰላቸው ነጥቦች ተራ ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ሲሄዱ አይቷል። ፒያሳ ድረስ አልጋ ያወዛወዘው ይኸው ነበር።

የማኅበሩን አለቃ፣ ሙሴ የሚሏቸውን አቶ ኃይለማርያምን አሳምናለሁ ብሎ፣ መሣሪያዎቹ የሚልኩት መስመር በስልክ እንዴት እንደሚታይ አስተምሯቸው ነበር። በዚያ ጠዋት አቶ ኃይለማርያም ከቤተ ክርስቲያኗ ግቢ ካለው መሣሪያ የመጣውን መስመር ፎቶ አንስተው ለማኅበርተኛው ሁሉ በቴሌግራም ላኩት። ከሥሩም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተራራው ዐርፏል። ወንድማችን ገብረትንሣኤም አረጋግጧል" ብለው ጻፉ።

"ማነው ያረጋገጠው?" አለ ገብረትንሣኤ፣ ገና ከመግባቱ።

"እግዜር ያሳይህ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ እንጂ" አሉ አቶ ኃይለማርያም።

"አልቀመጥም። በእኔ ስም ምን ብለው ነው የጻፉት?"

"ባሳየኸኝ ገጽ አየሁ። መስመሩ እንደ ቀበቶ ቀጥ ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?"

"ጋሼ፣ ደህና መሣሪያ ቀጥ ያለ መስመር አይልክም! ተራራው ቢተኛ እንኳ ነፋስ አለ፣ የጭነት መኪና አለ፤ ፍየል ስታልፍ ይሰማል። ቀጥ ካለ መሣሪያው ሥራ አቁሟል ማለት ነው።"

"ይኼ መሣሪያ የፍየል እረኛ ነው እንዴ?" አለ የታክሲ ሹፌሩ ተስፋሁን ከጥግ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ገብረትንሣኤ አልሳቀም። አቶ ኃይለማርያም "አዲስ አበባስ ተነቃንቆ የለ? ሸሸን እንዴ? የት ሄደ እምነትህ?" ሲሉትም እሱ የሚያስበው ሌላ ነበር። አርባ ነፍስ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ በእሱ ስም፣ ከዚያ ድንጋይ ሥር ሊተኛ ነው።

ወይዘሮ አይናዲስ ጽዋውን አቀረቡ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ራጉኤል ተነስተው እንደ ወጉ ጠየቁ። በማኅበሩ ሕግ የተቀያየመ ሰው ካለ ሳይታረቅ ጽዋው አይዞርም፤ የጉዞ ጸሎትም አይደረስም።

"የተቀያየማችሁ አላችሁ?"

ሁልጊዜ "የለም" ተብሎ ይታለፋል።

"አለ" አለ ገብረትንሣኤ። "እኔ ተቀይሜአለሁ።"

አቶ ኃይለማርያም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "በሚካኤል ጽዋ ልታስገድደን ነው? ድፍረት ነው ይኼ!"

"ቂም ይዤ ብጠጣ ነው ድፍረቱ። የውሸት ምስክር አድርገውኛል። ጉዞው ካልቀረ አልታረቅም።"

"አንተ ልጅ…"

"ቆዩ እስቲ" አሉ ወይዘሮ አይናዲስ። "ከምትጯጯሁ ለምን እዚያው አትጠይቁም?"

ገብረትንሣኤ የቤተ ክርስቲያኗ ጥበቃ ለሆነው ለዘርኡ ደውሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው።

"ዘርኡ፣ መሣሪያው ምን ሆነ?"

"አለ ጋሼ፣ ደህና ነው! የንግሡ ሰው እንዳይረግጠው ብዬ ገመዱን ነቅዬ ዕቃ ቤት አስገባሁት። በነጠላ ሸፍኜ ከንግሡ ጥላዎች ጎን በክብር አስቀምጬዋለሁ።"

ተስፋሁን ሳቁን በእጁ አፈነ። ገብረትንሣኤ ዓይኑን ጨፈነ፤ በዚህ ሰው ላይ እንዴት ይቆጣል?

"መሬቱስ?"

"ተወኝ ጋሼ። ከሐሙስ ጀምሮ ከልጆቼ ጋር ደጅ ነው የምናድረው። የአዳራሹ ግድግዳ እኮ ተሰነጠቀ። እንግዶች ሲመጡ እንዳያስቀይም በጭቃ እየመረግነው ነው።"

"በጭቃ!" ገብረትንሣኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። "ዘርኡ፣ ማንም እዚያ እንዳይገባ! ልትመርጉም ቢሆን አትግቡ!"

"ምነው ታዲያ ሳትነግረን?" አሉ አቶ ኃይለማርያም ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው።

"ትቀሩብናላችሁ ብለን ነዋ።"

አቶ ኃይለማርያም ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስልካቸውን አወጡ፤ የጠዋቱን አጥፍተው "ጉዞው ቀርቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብለው ጻፉ። ከዚያ መሬት ሊስሙ ሲያጎነብሱ ገብረትንሣኤ በትከሻቸው ያዛቸው። "እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" ተባባሉ። ይቅርታውን ከልቡ ነው ያለው፤ ንዴቱ ግን ገና አልወጣለትም። ጽዋው ዞረ።

"ነገ መሣሪያውን ልቀብር እሄዳለሁ" አለ ጫማውን እያሰረ።

"የማኅበሩን ድንኳን እንጭናለን" አሉ አቶ ኃይለማርያም ከኋላው። "የዘርኡ ልጆች ደጅ እያደሩ የእኛ ድንኳን ታጥፎ አይቀመጥም። እኔም እመጣለሁ።"

"እርስዎ አይመጡም!"

"ካስማውን ማን ይመታልሃል? አንተ?"

"እመታለሁ!"

"በሕይወትህ መዶሻ ይዘህ ታውቃለህ?"

ከባዱን ሸራ በሁለት ጫፍ ይዘው፣ እየተጨቃጨቁ፣ በጠባቡ በር ወጡ።