ብስክሌቱን የሠራው ማን ነው

ከቤቴ በታች ያለው በያጅ ነሐስ ባቀለጠ ቁጥር መስኮቴን እዘጋለሁ። ሰው ሽታው የከበደኝ ይመስለዋል። እኔ የምዘጋው ንዴቱ እንዳይመጣብኝ ነው። ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ዛሬም ይመጣል።

አባቴ ባለ እጅ ነበሩ። ከዓለም ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። አገሩ ሁሉ በሳቸው ማረሻ ያርሳል፤ ከቤታችን ግን ውሃ አይቀምስም። እሳቸው ሲያልፉ ልጃቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ እናቶች ነበሩ።

ደርግ በወደቀ ማግስት አባቴ ከወላለቀ የጣሊያን ዘመን ብስክሌት ሁለት ጎማና አንድ መሪ አገኙ። ጎማዎቹን የሚያያይዘውን ቴላዮ ዝገት በልቶት ስለነበር አዲስ ሠሩለት። ቧንቧ ቆረጡ፤ ቧንቧዎቹ የሚጋጠሙበትን የብረት እጅጌ ከላሜራ ጠቀለሉ፤ ጫፉን በሞረድ እየሳሉ የገብስ ቅጠል አስመሰሉት። ነሐሱ ከሜዳ የተለቀመ የጥይት ቀለህ ነው። ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ። ነሐሱ ቀልጦ በእጅጌው ዙሪያ እንደ ማር ሲሮጥ "አሁን ቀስ፣ ቀስ በይ ልጄ" ይሉኛል። ሲጨርሱ ጥቁር ቀለም ቀቡት፤ ማረሻ ጭነው ገበያ ይመላለሱበት ጀመር።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ አንድ የወረዳ ሹም የድሮ ዕቃዎች የሚታዩበት አዳራሽ አዘጋጀ። የአባቴን ብስክሌትም ተውሰው ወሰዱት። የየዕቃውን መግለጫ ካርቶን ላይ እንድጽፍ የመረጠኝ የፊዚክስ መምህራችን ነው። ብስክሌቱ ዘንድ ስንደርስ ተንበረከከ፤ እጅጌዎቹን በጣቱ ዳሰሰ፤ ጎማው መሐል ያለውን የፈረንጅ ፊደል አነበበ።

"ይኼ የጣሊያን እጅ ነው" አለ። "እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ አገር አይሠራም። አባትሽ ከየት አገኘው?"

የክፍሌ ልጃገረዶች ከኋላዬ ቆመዋል። ምሳዬን አብሬያቸው ለመብላት ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ልጆች ናቸው።

"አላውቅም" አልኩ። ከዚያም በጥንቃቄ ጻፍኩት፦ በጣሊያን አገር የተሠራ።

በማግስቱ አባቴ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ማንበብ አይችሉም። "ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ" አሉኝ። ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ። ሹሙ አነበበላቸው።

አባቴ ፈገግ አሉ። መንገድ የሳተ ሰው እንደሚመልሱ ሁሉ ረጋ ብለው "የለም ጌታዬ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት" አሉ።

"አንተ?" አለ ሹሙ። ለሽማግሌ ሁሉ አንቱ የሚል ሰው ነበር። "አንተ ማረሻህን ቀጥቅጥ።"

አዳራሹ ሳቀ። አባቴ ብስክሌቱን ገለበጡና ከፔዳሉ ሥር ያለውን ቀለም በሰንጢ ፋቁት። ብረቱ ላይ የተመታች አንዲት ትንሽ መስቀል ብቅ አለች።

"ምልክቴ ናት፤ በማረሻዬም ሁሉ ላይ አለች" አሉ።

መምህሩ አጎንብሶ አየ። እንዳመነ ፊቱ ላይ አየሁ፤ እንዴት ብዬ ልናገር፣ አየሁት። ሹሙ ግን "ይህን ማንም ኋላ ሊመታው ይችላል" አለ። መምህሩም ቀና ብሎ "እውነት ነው" አለ። ያን ቃሉን ይቅር አላልኩትም፤ አልልምም።

"እንግዲያስ ልጄ ትመስክር" አሉ አባቴ። "ወናፉን የነፋችው እሷ ናት።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እግሬን እያየሁ ቆምኩ። አባቴ ካርቶኑን አዩ፤ ጣቶቼ ላይ ያልለቀቀውን ቀለም አዩ፤ ገባቸው።

"ለነገሩ ያኔ ሕፃን ነበረች" አሉ ለሰዉ። "ምኑን ታስታውሰዋለች።"

ሹሙ አናዶኛል፣ መምህሩም አናዶኛል፤ እንደ አባቴ ቃል ያቃጠለኝ ግን የለም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ብስክሌቱ ሌላ ከተማ ለትርኢት ተላከ ተባለ፤ በዚያው ቀረ። አባቴ ሁለቴ ሄደው ጠየቁ፤ ሁለቴም ደጅ ጠንተው ተመለሱ። ሦስተኛ አልሄዱም።

አንድ ቅዳሜ ማረሻዎቹን በጆንያ አስረው በትከሻቸው ተሸከሙ። ተከተልኳቸው። መንገዱን ሁሉ ብረቱ በየእርምጃቸው ይንቃጨላል። ከተማው መግቢያ ላይ እነዚያ ልጃገረዶች ቆመው ነበር።

"አባባ" አልኩ፣ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ "ግማሹን ለኔ ይስጡኝ፣ ልሸከምልዎ።"

እንዳልሰሙ ሆነው ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ቆሙ፤ ጆንያውን አወረዱና ከማረሻዎቹ ሁሉ ቀላሏን መርጠው ሰጡኝ።