ለሰፈሩ ጋዜጣ ሟች ሳጣራ

እስራኤል ውስጥ፣ በፔታህ ቲክቫ ከተማ የሰፈር ጋዜጣ ሥራ የጀመርኩት የማስታወቂያ ወረቀት በጋዜጣው መሀል በመክተት ነው። የመጀመሪያ ቀን አዘጋጇ ዚቫ "ዕብራይስጥ ታነቢያለሽ?" አለችኝ።

"ቀስ ብዬ።"

"በሰደር፣ ግድ የለም። ለዚህ ሥራ እጅ ይበቃል።"

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አፍራለሁ። ሥራው ተስማማኝ።

ጋዜጣው በነጻ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ በየደጁ ይጣላል። ከዓመት ዓመት ግን እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ ፎቶ አንሺው ተሰናበተ። ቀጥሎ የማዘጋጃ ቤቱን ስብሰባ የሚከታተለው ዘጋቢ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ውሃ እንደሚቋረጥ የምናውቀው ቧንቧው ሲደርቅ ሆነ። በመጨረሻ ዚቫና እኔ ቀረን።

"ከዛሬ ጀምሮ የሐዘን ማስታወቂያ የምታጣሪው አንቺ ነሽ" አለችኝ።

ማስታወቂያ ሲመጣ ሟቹ ቤት ተደውሎ ይጠየቃል። እኔ ዘዴ አበጀሁ። ሟች የተባሉት ራሳቸው ስልኩን ካነሱ ምንም ሳልናገር ዘግቼ ማስታወቂያውን እሰርዛለሁ። እንዲህ አድርጌ ሁለት ሰው አትርፌአለሁ፤ ሁለቱም የሟች ሞክሼ ነበሩ።

ከዚያ ጋዜጣው ተዘጋ። እኔም ጽዳት ገባሁ።

በሦስተኛው ወር ኤን ጋኒም በሚባለው ሰፈራችን፣ ጋሼ ፈረደ የሚባሉ አዛውንት የሚኖሩበት ሕንፃ በር ላይ አምቡላንስ ቆመ። የመጣው ላይኛው ፎቅ እግራቸው ለተሰበረ ሴትዮ ነበር። አንዲት ጎረቤት አይታ ለእህቷ ደወለች። እህቷ ጋሼ ፈረደ ሞቱ ብላ እያለቀሰች በዋትሳፕ ለሰፈሩ ሁሉ አሰማች። ሁሉም እርስ በርሱ ተደዋወለ፤ ጋሼ ፈረደ ቤት ግን አንድም ሰው አልደወለም። ሐዘን ቤት ሄዶ ማልቀስ እንጂ ስልክ መደወል በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

እኔም ሄድኩ። ቤቱ ዝግ ስለነበር ከሕንፃው ሥር ወንበር ተደርድሮ ይለቀሳል። ሁለት ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሩ መኪና ገብተዋል። መርዶው የሚነገራት የጋሼ ፈረደ ልጅ ሮሽ ሃዓይን ከተማ ፋብሪካ ትሠራለች፤ የስምንት ወር እርጉዝ ናት።

በዚህ መሀል ጋሼ ፈረደ ከጎረቤት ከተማ ከጋኔይ ቲክቫ ሐብሐብ ተሸክመው ደረሱ። ሐብሐቡን አስቀምጠው ከኋላ፣ አጠገቤ ተቀመጡና አለቀሱ። ጥቂት ካለቀሱ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ማነው የሞተው፣ ልጄ?" አሉኝ።

የሽማግሌዎቹ መኪና ሞተር ተነሣ። ሮጥኩና ፊቱ ቆምኩ።

"ጋሼ ፈረደ አልሞቱም" አልኩ።

አንደኛው ሽማግሌ በመስኮት ብቅ ብለው "ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"እሳቸው።"

ሁሉም ዞሮ አየ። የመኪናው ሞተር ጠፋ፤ ልጅቱም ሳትሰማ ቀረች። ጋሼ ፈረደ ግን ወንበሮቹን አንድ በአንድ መመልከት ጀመሩ።

"ወንድሜ ተዘራ የት አለ?"

"ሥራ ገብቷል፣ ጋሼ። ማታ ይመጣል" አለቻቸው አንዲት ጎረቤት።

"እኔ ሞቼ ሥራ ገባ?"

ሐብሐቡ ተቆርጦ ተበላ። ተዘራን አንድ ወር አላናገሩትም።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህን ነው፤ በሰፈር ውስጥ ደውሎ ማጣራት ሥራው የሆነ ሰው ያስፈልጋል። ጎረቤት ይሉኝታ ይይዘዋል።