ቆመው የለመኑልኝ

በቅድስት አገር፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ለመሆን አመልክቼ ነበር። የሙከራ ትምህርት እንድሰጥ ጠሩኝ። ልጆቹ ከዕረፍት እንደገቡ ሰሌዳው ላይ የሰንበት ዳቦ ሣልሁና እየቆራረስሁ ክፍልፋይ አስተማርኋቸው። መጨረሻው ወንበር ላይ የነበረች ዝምተኛ ልጅ ሳትጠየቅ እጇን ስታወጣ፣ ሥራው የእኔ ነው ብዬ አመንሁ።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደወለች። «ሌላ ሰው መርጠናል፤ መልካም ዕድል» አለችኝ።

ከዚያ በፊትም ብዙ ቦታ ተከልክያለሁ። ሌሎቹ ግን ክፍላቸውን ሳላየው ነው የመለሱኝ። የዚህኛው መስኮት በየት በኩል እንደሆነ አውቃለሁ። ዝምተኛዋን ልጅ የት እንደማስቀምጣት ሁሉ አስቤ ነበር።

ለአባቴ ነገርሁት።

«ምን አጠፋሽ?» አለኝ።

«ምንም አላጠፋሁም፣ አባባ። ሌላ ሰው መረጡ።»

«እንግዲያ የሚናገርልሽ ሰው አጥተሽ ነው» አለኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። አባቴ ባደገበት የጎንደር ገጠር፣ ከባድ ጉዳይ ያለው ሰው ራሱ አይሄድም፤ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ገብተው ሰላም ይላሉ። ወንበር ቢቀርብላቸው ግን ለጉዳያቸው መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም፤ ውኃም አይቀምሱም። ከተቀመጡ መልሱን ተቀብለዋል ማለት ነው።

በማግስቱ ጧት ርእሰ መምህሯ ራሷ ደወለችልኝ። «ነጭ የለበሱ ሦስት ሰዎች ቢሮዬ ውስጥ ቆመዋል። ዘበኛው የየትኛው ልጅ ወላጆች ናችሁ ቢላቸው፣ አንዱ የአስተማሪዋ አለው። ተቀመጡ ብል እምቢ አሉኝ። እባክሽ ድረሺልኝ።»

ኢትዮጵያ ጎዳናን እየሮጥሁ አለፍሁ። ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግቢ በር ላይ የነበሩ አንዲት መነኩሲት «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ እንኳ አልቆምሁም።

ስደርስ አባቴ፣ አጎቴና አንድ አዛውንት ግድግዳውን ተደግፈው ሳይሆን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ርእሰ መምህሯም ግራ ገብቷት ቆማለች። አዛውንቱ የአባቴ ያገር ልጅ ናቸው፤ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ አይሁድ ነን። አባቴ ግን ንግግር የሚያውቅ ሽማግሌ ሲፈልግ ከእሳቸው ሌላ አይታየውም።

«መጣሽ? ደግ ሆነ፤ አስተርጉሚልን» አሉኝ አዛውንቱ።

«ስለ ራሴ እንዴት አድርጌ?»

«የሌላ ሰው ልጅ ናት በያት።»

አባቴ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ ተናገረ። «ይቺ ልጅ እኔን ያስተማረች ናት። ከጽዳት ሥራ ደክሜ ስገባ የዚህን አገር ፊደል በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ታስጽፈኝ ነበር። ስሳሳት አልሳቀችብኝም። ያጠፋችው ነገር ካለ ስለ እኛ ብላችሁ ይቅር በሏት።»

ይህን አባቴ ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። ተረጎምሁት። «ይቅር በሏት» ያለውንም አልዘለልሁም።

«ምንም አላጠፋችም» አለች ርእሰ መምህሯ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጥቂት አሰበችና ወደ እኔ ዞረች። «አየሽ፣ እንዲህ የምታገናኝ ሰው ነው ያጣነው። የክፍሉ ቦታ ተይዟል። ሜጋሼሬት ሁኚልን።»

ሜጋሼሬት ማለት በዚህ አገር ቋንቋ፣ በትምህርት ቤቱና በኢትዮጵያውያን ወላጆች መካከል ሆና የምታስማማ ሴት ናት። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ክፍል የላትም፤ ሰሌዳም የላትም። ለማስተማር ባመለከትሁበት ሌላ ትምህርት ቤትም የሰጡኝ ይህንኑ ነበር።

«ወላጆችን የሚያነጋግር ሰው ይፈልጋሉ፤ ያንን ሥራ እንሰጣታለን ትላለች» ብዬ ተረጎምሁ።

«ሥራ ሰጡሽ ማለት ነዋ?» አለ አጎቴ።

«ሥራ ሰጡኝ።»

«ተመስገን» ብለው ሦስቱም ተቀመጡ። ውኃ ቀረበላቸው። አዛውንቱ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ሴትዮዋ ትንሽ ብትዘገይ እኮ ያለ መልስ ቁጭ ብዬ ላዋርዳችሁ ነበር» አሉና አጎቴን አሳቁት።

እኔ አልተቀመጥሁም። አስቤበት አይደለም። ርእሰ መምህሯ ወንበር ሳበችልኝ፤ አሁንም ቆምሁ። አባቴ ብርጭቆውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ አየኝ።

«አስተማሪነቱን አይደለም የሰጡሽ?»

«አይደለም፣ አባባ።»

ብርጭቆውን ሳይቀምስ አስቀመጠና ተነሣ። አዛውንቱም ተከትለውት ተነሡ። አጎቴ ውኃውን ጨርሶት ነበር፤ ባዶውን ብርጭቆ ይዞ የሚያደርገው ጠፋው።

መልሱን ሳንቀበል ወጥተን በኢትዮጵያ ጎዳና ተመለስን። ግቢው በር ላይ አዛውንቱ፣ «ሽማግሌ ሆኜ ከተቀመጥሁበት ስነሣ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ገቡ።

የትምህርት ቤቱ ደወል እስከዚያ ድረስ ይሰማል። አባቴ ቆሞ አዳመጠ።

«የምን ደወል ነው?» አለኝ።

«ልጆቹ ከዕረፍት እየገቡ ነው» አልሁት። «አሁን ሒሳብ ነው ያላቸው።»