የበረዶው ማሽን አንገት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለመፈረም ያህል ነው። ይህን ግን መጻፍ ፈለግሁ። ሰው ፊት ላወራው ስሞክር ድምፄ ይጠፋብኛል፤ ሳላወራው እንዲቀር ደግሞ አልፈልግም።

የምኖረው ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር፣ አጎቴ ቤት ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በሱዳን በኩል ተሰደው እዚህ የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ሰው ሁሉ አሁንስ ያርፋሉ ሲል ትራክተር ገዙ። ላስ ቬጋስን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። እኛ ጋ በሰመር የመኪና መሪ እጅ ያቃጥላል። ግን ወደ ተራራው ሲነዳ ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል፤ ጥድ ይመጣል፣ የእንጨት ቤቶች ይመጣሉ፣ በዊንተር ደግሞ በረዶው አጥር ይውጣል። ጋሼ እዚያ ያሉ ጥቂት ቤቶች የሚጋሩትን የአፈር መንገድ ይጠርጋሉ። ከትራክተሩ ኋላ ስኖው ብሎወር ተገጥሟል፤ በረዶውን እየቆራረጠ ይሰበስብና ወደ ላይ በቆመ የብረት ቱቦ አርቆ ይተፋዋል። ቱቦውን እኛ አንገቱ እንለዋለን።

«ስንት ዓመት ሰው ስጭን ሁሉም ፍጠን፣ ፍጠን ይለኝ ነበር» ይላሉ ጋሼ። «በረዶ ግን አያጣድፍም።»

ባለፈው ዓመት ቀኝ ትከሻቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ። አንገቱን ወዲያና ወዲህ ለማዞር አንድ ረጅም ብረት ይዞ ማሽከርከር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የኛ ተራራ በረዶ እርጥብ ነው፤ አንገቱ ውስጥ ተጣብቆ ይደፍነዋል። ያኔ ሞተር አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ በእንጨት ጎርጉሮ፣ እንደገና መውጣት ነው። ሐኪሙ ያንን ክንድ ለእንዲህ ያለ ሥራ እርሳው አላቸው።

ጋሼ አንድ የስደት ጓደኛ አላቸው። ሰዘርን ሃይላንድስ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ጋ ይመጣሉ።

«አንተ ሰውዬ» አሏቸው አንድ እሑድ፣ «በረሃ ላይ ተቀምጠህ በረዶ ትጠብቃለህ። ትራክተሩን ለልጄ ሽጥለት፣ ከከተማ ውጭ መሬት ገዝቷል። የኋላውን ብረት ለሙዚየም ስጠው።»

«ግቢው ጠጠር ሆኖ ሳር ማጨጃ የገዛ ሰው ነው የሚመክረኝ?» አሉ ጋሼ።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ጋሼ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ያዝ አድርገው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የመጀመሪያው በረዶ ይውደቅ። አንዴ ልሞክረው። ካልሆነልኝ ውሰደው» አሉ። ቃላቸውን በባለቤታቸውና በእኔ ፊት ሰጡ። ጋሼ ቃል ከሰጡ አያጥፉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ የሚከታተሉትን የአየር ትንበያ ማየት ተዉ።

አባቴ ባሕር ዳር ሳይክል ጠጋኝ ነበር። ትምህርት ካቆምኩ በኋላ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሠርቻለሁ። መለዋወጫ ጠፋ ብሎ ደንበኛ መልሶ አያውቅም፤ የሞተውን ሳይክል አርዶ ለታመመው ይሰጥ ነበር። እኔ የማውቀው ሥራ ይኼ ነው። ለጋሼ ግን ምን ብዬ ልናገር? ወጥ ቤት ገብቼ ለባለቤታቸው በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ አንገቱን ፈትተው ቢያመጡልኝ ምናልባት አንድ ነገር…» አልኳቸው።

እትዬ ሹክሹክታ አይወዱም። «ስማ!» ብለው ወደ ሳሎን ጮኹ። «ልጅቷ ማሽንህን ላክመው እያለች ነው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ታክመው» አሉ ጋሼ ከሳሎን። «ከሞተ በላይ አይሞት።»

አንገቱ ተራራው ላይ ካለው ትራክተር ተፈትቶ በፒካፕ መጣ፤ ጋራዡ ውስጥ አጋደምኩት። በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ መጣበቁ ነበር። የካዚኖ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነኝ። ሊጥ ትሪ ላይ ይደርቃል፣ ብረት ላይ ይደርቃል፣ ነጩ የፕላስቲክ መክተፊያ ላይ ግን አይዝም፤ ውኃ ሲነካው ራሱ ይለቃል። ቢላዋ ያረጃቸውን መክተፊያዎች ይጥሏቸዋል። ሺፍቴ ሲያልቅ ሁለቱን አቅፌ ሼፉ ፊት ቆምኩ፤ የምጠይቅበት ቃል አልመጣልኝም። አየኝ፣ መክተፊያዎቹን አየ፣ በእጁ ወደ በሩ አመለከተኝ። በሩጫ ወጣሁ። እቤት በቀጫጭኑ ሰነጠቅኋቸውና ለስላሳውን ፊት ወደ ውስጥ አድርጌ አንገቱን ከታች እስከ ላይ አለበስኩት። በረዶው የሚይዘው ነገር እንዳያገኝ የቡሎኖቹን ራስ ፕላስቲኩ ውስጥ ቀበርኩ።

ለማዞሪያው ከጃንክያርድ፣ ከአሮጌ መኪና መጣያ፣ የዋይፐር ማለትም የዝናብ መጥረጊያ ሞተር አመጣሁ። መኪናው አርጅቶ፣ ቀለሙ በፀሐይ ተላጦ ነበር። ሞተሩ ግን አዲስ ነው፤ እዚህ ከተማ ዋይፐር መቼ ይሠራል? ሰው መንገድ ዳር ከጣለው የሕፃን ሳይክል ጥርሱንና ካቴናውን ወሰድኩ። ካቴናውን በአንገቱ ግርጌ ዙሪያ አሰርኩት፣ ጥርሱን ሞተሩ ላይ በየድኩት። ስዊች ሲጫን ሞተሩ ካቴናውን ይጎትታል፣ አንገቱም ይዞራል። የዚያው ሳይክል የፍሬን እጀታና ሽቦ ደግሞ በአንገቱ አፍ ላይ ያለውን ክዳን ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ ሆነ፤ ክዳኑ ዝቅ ሲል በረዶው ቅርብ ይወድቃል። ተራራው ላይ ወስደን ስንገጥመው ስዊቹን በእጄ ይዤ ከማሽኑ ኋላ ቆምኩ፤ ቀኝ ስለው ቀኝ፣ ግራ ስለው ግራ ሄደልኝ። ከዚያ ስዊቹን ከመሬት ተንጠራርቼ ወንበሩ አጠገብ አሰርኩት። ጋሼ ግን አልነኩትም። «በረዶ ሲመጣ ይታያል» ብቻ አሉ።

በረዶው በገና ጾም መጣ። እኛ ስንደርስ የጋሼ ጓደኛ ቀድመውናል፣ ያውም ተጎታች ይዘው። ትራክተሩን ጭነው ሊወስዱ ነው።

«ማሰሪያ ገመድ ሁሉ ይዣለሁ» አሉ እየሳቁ።

ጋሼ ትራክተሩ ላይ ወጥተው ሞተሩን አስነሱ። ፊታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ፤ ማሽኑ ከኋላ ስለሆነ ሥራው ሁሉ እየዞሩ እያዩ ነው። እንደዞሩ ጓደኛቸውን «ወደ ቀኝ ነው የምተፋው፤ አንተ በግራ ቁም» አሏቸው። ስዊቹን ወደ ቀኝ ተጫኑ። አንገቱ ዞረ፤ ወደ ግራ። በረዶው በአንድ ጊዜ ሰውዬውንም፣ ተጎታቹንም፣ ገመዱንም አለበሳቸው።

«ኧረ በገብርኤል! ቀበረኝ!»

ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። «አንቺ ልጅ፣ ምንድነው ያደረግሽው?»

«ስድስተኛ ክፍል ድረስ ቀኝና ግራ አያስተምሩም እንዴ?» አሉ ጓደኛቸው ከአንገትጌያቸው በረዶ እያወጡ።

 ዝም ብል ተጎታቹ ባዶውን እንደማይመለስ አወቅሁ። «ጋሼ፣ የሠራሁት ከማሽኑ ኋላ ቆሜ ነው» አልኩ። «እርስዎ ዞረው ሲያዩ የኔ ቀኝ የእርስዎ ግራ ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ አልሞከርሽውም?»

«የእርስዎ ወንበር ላይ?» አልኩ። «እንዴት አድርጌ ጋሼ?»

እቤትም ሳሎን ያለው ወንበራቸው ላይ ማንም አይቀመጥም፤ እሳቸው ሳይቀመጡም እኔ አልቀመጥም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ከዚያ ጓደኛቸው ቀድመው ሳቁ። «አየህ፣ በአክብሮት ነው የቀበረችኝ!»

ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየርኩ። ጋሼ እንደገና ተጫኑ፤ አንገቱ ወደፈለጉበት ዞረ። በአንድ ጣታቸው ነው ያዞሩት። ያ እርጥብ በረዶ እንደ ውኃ ወጣ፤ ከጥዶቹ በላይ ተነሥቶ ወዲያ ማዶ ወደቀ። መንገዱ ጫፍ ድረስ አንገቱ አንዴም አልተደፈነም። እዚያ ሲቆሙ ሮጬ ወደ አንገቱ ውስጥ አየሁ። ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አንድ ፍንጣሪ አልያዘም። በሕይወቴ ማንንም ሳልፈራ ጮክ ብዬ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ጋሼ ወርደው ትከሻቸውን እያወዛወዙ መጡ። «ውጪ» አሉኝ ወደ ወንበሩ እያመለከቱ።

«ኧረ ጋሼ…»

«ውጪ ብያለሁ! የመልሱን አንቺ ጥረጊ።»

ወጣሁ። ወንበሩ ከሳቸው ሙቀት አልበረደም ነበር። ወደ ኋላ ዞሬ፣ ስዊቹን ይዤ፣ የሠራሁት ማሽን ያልኩትን ሲያደርግ እያየሁ መንገዱን ጠረግሁ። ከእንጨት ቤቶቹ አንዲት አሮጊት ወጥተው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔም መልሼ አውለበለብኩ፤ ዓይኔንም አልሰበርኩም።

የጋሼ ጓደኛ ከባዶ ተጎታቻቸው ላይ በረዶውን እያራገፉ፣ «ልጄ ሌላ ትራክተር ይፈልግ እንግዲህ» አሉ።  ትራክተሩን መጠለያው ውስጥ አስገብቼ ሞተሩን ሳጠፋ ጋሼ አጠገቤ መጡ። የሞተሩን ቁልፍ ነቅዬ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። ጣቶቼን መልሰው በላዩ ላይ አጠፏቸውና እንዲህ አሉኝ፦

«ቁልፉ አንቺ ጋ ይደር።»